ከሐረማያ እስከ ሕንድ ውቅያኖስ፦ ስለ ዓሣና ስለ ሳይንስ ምክር የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ የሚወስደው መንገድ የሐረማያን ሐይቅ ዳር ይዞ ያልፋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ደርቆ ከብት ይግጥበት ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ግን ውሃው ተመልሷል። ዓሣ የማልማት ሐሳብም አብሮ ተመለሰ። ስለ ዓሣ ሀብት አስተዳደር በሐረር ሸዋ በርም በድሬዳዋ ከዚራም ሲነገሩ የሚሰሙ ስህተቶችን አሁኑኑ ማረም ያስፈልጋል፤ አንድ ሐይቅ ሁለት ጊዜ ይድረቅ ብሎ የሚፈቅድ የለም።

«ውሃ ውስጥ ያለን ዓሣ ማን ቆጥሮት? የባለሙያ ቁጥር ግምት ነው»

ግምት መሆኑ እውነት ነው፤ የዘፈቀደ ግን አይደለም። በትንሽ ሐይቅ ላይ አሠራሩ እንዲህ ነው። 200 ቆሮሶ (ቲላፒያ) ተይዞ ምልክት ይደረግበትና ይለቀቃል። አንድ ሳምንት ያህል ከሌላው ጋር እስኪቀላቀል ይጠበቃል። ከዚያ እንደገና መረብ ተጥሎ 150 ቢያዝ፣ ከእነሱም 15ቱ ምልክት ቢኖራቸው፣ ከ10 ዓሣ አንዱ ምልክት አለው ማለት ነው። ስለዚህ ያ መረብ ሊይዘው የሚችለው ዓሣ 2,000 ገደማ ነው። ስሌቱ የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። ምልክቱ ከወደቀ ወይም ምልክት የተደረገባቸው ዓሦች ከሞቱ፣ የሚወጣው ቁጥር ከእውነተኛው ይበልጣል። ሁለተኛው መረብ ዓሦቹ የተለቀቁበት ቦታ ላይ ብቻ ከተጣለ ደግሞ ምልክት ያላቸው በዝተው ይገኙና ቁጥሩ ያንሳል። ጠንቃቃ ባለሙያ «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ ሁለት ቁጥር የሚሰጠው ለዚህ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን እንደ አለማወቅ ይቆጥርበታል።

«መረቡ ሞልቶ እየወጣ ዓሣ አለቀ ማለት ምን ማለት ነው?»

ከሁሉም የሚጎዳው ስህተት ይህ ነው። ዓሣ ሲያንስ በውሃው ሁሉ እኩል ሳስቶ አይቀርም፤ ተሰብስቦ ይቀራል፤ አጥማጁም የተሰበሰበበትን ያውቃል። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ የኮድ ዓሣ ክምችት እየተመናመነ በነበረበት ጊዜ ትልልቆቹ መርከቦች በሰዓት የሚያወጡት ዓሣ ጥሩ ነበር፤ ቁጥሩም ብዙዎችን አሳሳተ። በ1992 እ.ኤ.አ. ማጥመድ ሲታገድ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሥራ አጡ። በአገራችን ደግሞ የጣና ነጭ ዓሣ በክረምት እንቁላሉን ለመጣል እንደ ርብና ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣል። በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው በእነዚያ ሳምንታት ጀልባው ይሞላል፤ የሚሞላው ግን ለመዋለድ በሚሄዱ እናቶች ነው። ስለዚህ የተያዘው ዓሣ ብዛት ብቻውን አይበቃም፤ ስንት መረብ ስንት ሰዓት እንደተጣለ፣ የዓሣው ርዝመትም ከዓመት ዓመት እያጠረ መሆን አለመሆኑ አብሮ መመዝገብ አለበት። ለዚህ መዝገብና አንድ የርዝመት መለኪያ ሰሌዳ ይበቃል።

«የመረብ ቀዳዳ መወሰን ድሃውን አጥማጅ ለመጉዳት ነው»

ቀዳዳው የሚወሰነው ዓሣው ቢያንስ አንዴ ወልዶ እንዲያዝ ነው። አለካኩ ብዙ ጊዜ ያጨቃጭቃል። እርጥብ መረብ ይወጠርና ከቋጠሮ እስከ ትይዩው ቋጠሮ ይለካል፤ ስህተት እንዳይኖር 10 ቀዳዳ በተከታታይ ተለክቶ ለ10 ይካፈላል። ደረቅና ያልተወጠረ መረብ የለካ ሰው ከባለሙያው ጋር መጣላቱ አይቀርም። ትልቁን ዓሣ መተውም ምክንያት አለው፤ በቪክቶሪያ ሐይቅ ናይል ፐርች ለተባለው ትልቅ ዓሣ ለዓመታት የተያዘው ገደብ ከ50 እስከ 85 ሴንቲ ሜትር ነበር። ከ85 በላይ ያለችው ሴት ብዙ እንቁላል ስለምትጥል እንዳትያዝ ተብሎ ነው።

«ሳይንቲስቱ ካለ አለቀ፤ የሚወስነው እሱ ነው»

አይደለም። ሳይንቲስቱ «ይህን ያህል ብታወጡ ይህ ይሆናል» ይላል፤ የሚወስነው ሌላ ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ኮፐንሃገን የሆነው፣ በ1902 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የባሕር ምርምር ምክር ቤት ለሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ ምክር ይሰጣል፤ ኮታውን የሚቆርጡት መንግሥታት ናቸው። ለሕንድ ውቅያኖስ ቱናም ሲሸልስ ውስጥ ኮሚሽን አለ። የሳይንስ ኮሚቴው ቢጫ ክንፍ ያለው ቱና ከልክ በላይ መጠመዱን በ2015 እ.ኤ.አ. አስታወቀ፤ በ2016 የማገገሚያ ውሳኔ ተላለፈ። በደንቡ መሠረት አባል አገር ውሳኔን መቃወም ትችላለች፤ ከተቃወመች አይገዛትም። ምክሩ ትክክል ሆኖ ውሃው ላይ ለውጥ የማይታየው ብዙ ጊዜ በዚህ ክፍተት ነው። በእኛም አገር የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ሐይቁ ዳር ፈቃድ የሚሰጥና መረብ የሚፈትሽ ሰው ከሌለ ግን አዋጁም ምክሩም ወረቀት ሆነው ይቀራሉ።

«ውሃ እስካለ ድረስ የዓሣ ጫጩት መልቀቅ ይበቃል»

ቆሮሶ የሚራባው ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ነው። ወንዱ በጭቃው ላይ ክብ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሴቷ እንቁላሏን ጥላ ወዲያው በአፏ ትይዛለች፤ ጫጩቶቹ ሲጠነክሩ ሣር ያለበት ዳር ላይ ትለቃቸዋለች። ሐይቁ በየቀኑ በውሃ ሞተር ሲሳብ መጀመሪያ የሚደርቀው ይህ ዳር ነው፤ መሐሉ ላይ ገና ውሃ እያለ ዓሣው መዋለጃና ማሳደጊያ ያጣል። ሁለተኛው ችግር ከማሳው ታጥቦ የሚገባው ደለልና ማዳበሪያ ነው። ማዳበሪያው አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ የውሃ በቃይ ያበዛል፤ አልጌው ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን ራሱ ይተነፍሰዋል። ስለዚህ ኦክስጅን የሚለካው በቀትር ሳይሆን ንጋት 12 ሰዓት ላይ ነው። በሊትር ከ2 ሚሊ ግራም በታች ሆኖ ዓሣው ላይ ላዩን አፉን እየከፈተ ከታየ፣ ጫጩት መጨመር ሬሳ መጨመር ነው።

«የዓሣ ጉዳይ የዓሣ ባለሙያ ነው፤ ጫት ምን አገባው?»

ሐረማያ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የሚገባበትና የሚሳብበት ውሃ በቀጥታ ይተሳሰባል። ሐረር ለዓመታት የጠጣችው ከዚሁ ነበር፤ የጫትና የአትክልት ማሳም ከሐይቁም ከዙሪያው ጉድጓድም ሲስብ ኖሯል፤ ተራራው ተራቁቶ ደለል ወርዷል። ሐይቁ ሲደርቅ ሐረር ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ካለው ቆላ በቧንቧ ማስመጣት ግድ ሆነባት። ሐይቁ ያለው ምሥራቅ ሐረርጌ፣ ጠጪው ሐረሪ ክልል፣ ጉድጓዱ ድሬዳዋ በኩል ነው፤ የአንዱ ውሳኔ ሌላው ጋ ይደርሳል። እዚህ ላይ የሳይንስ ምክር የሚጀምረው ከዓሣው አይደለም። ሐይቁ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት የውሃ መለኪያ ምሰሶ ይተከላል፤ በየጠዋቱ ይነበባል። ዙሪያው ያለው ሞተር በሙሉ ይቆጠራል፤ በሰዓት ስንት ሊትር እንደሚስብና በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ይመዘገባል። ሳሩ ያለበት ዳር ሳይደርቅ የሚቆይበት ከፍታ ምሰሶው ላይ በቀይ ይሰመራል፤ ውሃው ወደ ቀዩ ሲጠጋ ሞተር በተራ የሚቆምበት ስምምነት ከገበሬዎቹ ጋር ቀድሞ፣ በክረምት፣ ውሃ ሞልቶ ሳለ ይፈረማል። በበጋ ማሳው እየጠወለገበት ሞተርህን አጥፋ ቢሉት የሚሰማ ገበሬ የለም፤ ሊፈረድበትም አይገባም።