«ስቲከር» ጎማ ማለት ምን ማለት ነው?

በአሜሪካው የናስካር የመኪና ውድድር «አራት ስቲከር ገጠመ» ሲባል አንዳንዱ ተመልካች የማስታወቂያ ወረቀት ይመስለዋል። አይደለም፤ የፋብሪካው ወረቀት ገና ያልተላጠለት፣ አስፋልት ያልረገጠ አዲስ ጎማ ማለት ነው።

ይበልጥ የሚያደናግረው ተቃራኒው ነው፦ ጥቂት ዙር ተነድቶ እንዲቀዘቅዝ የተቀመጠው። ይህን ያረጀ ጎማ አትበሉት። አዲስ ምጣድ ወይም ጀበና ሳይሟሽ ለሥራ አይቀርብም አይደል? ጎማውም እንዲሁ ይሟሻል። ላስቲኩ አንድ ጊዜ ግሎ ሲቀዘቅዝ ጠንከር ይላል። አዲሱ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች መሬቱን ቆንጥጦ ይዞ ይፈተለካል፣ ግን ቶሎ ይደክማል። የተሟሸው ሲነሳ ትንሽ ይዘገያል፤ ጉልበቱን የሚያጣው ግን ቀስ በቀስ ነው። ውድድሩ ሊያልቅ አምስት ዙር ሲቀር ታዲያ ሁሉም የሚመኘው ባለወረቀቱን ነው።

ሁለቱም ጥርስ የላቸውም። እኛ አገር ትራፊክ ፖሊስ የሚያስቆመው ሊሾ ጎማ፣ እዚያ በደረቅ አስፋልት ላይ ሙሉ ገጹ መሬት እንዲነካ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው።

ቡድኖቹ ጎማውን አይገዙትም፤ ከብቸኛው አቅራቢ ከጉድይር ይከራዩታል። የሚፈቀደው ብዛት በውድድሩ ደንብ የተወሰነ ስለሆነም አንድ ጊዜ የተነዳውን እንደ ዋዛ አይጥሉትም።