ሼናንዶአ፦ ከፍሎ ውሃ መቅዳት

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ምዕራብ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ የብሉ ሪጅ ተራሮች ይመጣሉ። ሼናንዶአ ብሔራዊ ፓርክ ያለው እዚያ ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1935 ሲሆን ስካይላይን ድራይቭ የሚባለው መንገድ የተራራውን ጫፍ ጫፍ ይዞ 169 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ብዙ ሰው ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲቀላ መጥቶ፣ ፎቶ ተነስቶ፣ ማታ ቤቱ ይገባል። ማደር ግን ሌላ ነገር ነው።

ሻወርና ምግብ ቤት ያላቸው ሎጆች አሉ፤ እነሱን እንለፋቸው። ጨዋታው ያለው የፖቶማክ አፓላቺያን ትሬይል ክለብ የሚባለው የእግር ተጓዦች ማኅበር የሚያከራያቸው ጎጆዎች ጋ ነው። በፓርኩ ውስጥ ያሉት መብራት የላቸውም። ውሃ ከምንጭ ይቀዳል፣ ሽንት ቤቱ ውጭ ነው፣ ብርድ ከመጣ እንጨት ፈልጦ ምድጃ ማንደድ ነው። ምግብ ደጅ አያድርም፤ ጥቁር ድብ አለ። እናቴ ብትሰማ «ለዚህ ነው እንዴ አሜሪካ የሄድከው?» ማለቷ አይቀርም።

ታዲያ ሰው ምን አገኘበት? ሸለቆው ውስጥ ኔትወርክ ስለሚጠፋ ስልክ ዝም ይላል፤ ቀኑ በማገዶ፣ በውሃና በራት ሽር ጉድ ያልቃል፣ ማታ ደግሞ እሳት ዳር ከመቀመጥ ሌላ የሚሠራ የለም። የያኔው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ኸርበርት ሁቨርም ይህንኑ ፈልገው እ.ኤ.አ. በ1929 እዚሁ ተራራ ላይ ማረፊያ አሠሩ። ቦታው ከዋሽንግተን ከ100 ማይል እንዳይርቅ፣ ትራውት ዓሣ የሚጠመድበት ወንዝ እንዲኖረው፣ ትንኝ እንዳያስቸግርም ከ2,500 ጫማ በላይ እንዲሆን ነበር ትእዛዛቸው። ከ13ቱ ቤቶች ዛሬ የቆሙት 3 ናቸው፤ የሳቸው ጎጆ ስሙ «ብራውን ሃውስ» ነው።

ብዙ ጎብኚ የማያውቀው፣ ይህ ጫካ የሰው ቀዬ እንደነበር ነው። ፓርኩ ሲቋቋም የቨርጂኒያ መንግሥት መሬቱን በሕግ ወስዶ ብዙ መቶ ቤተሰቦች ተነስተዋል። ጥቁሮች ደግሞ መጀመሪያ ላይ የተፈቀደላቸው ለብቻቸው የተከለለው ሉዊስ ማውንቴን የሚባለው የፓርኩ ክፍል ነበር፤ መለያየቱ ሙሉ በሙሉ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው።

ከክለቡ ጎጆዎች አንዱ የሆነውን ኮርቢን ካቢን ጆርጅ ኮርቢን የሚባል ገበሬ ነው እ.ኤ.አ. በ1910 የሠራው፣ ቤተሰቡን ሊያሳድግበት። እሱም ከተነሱት አንዱ ነው። ዛሬ በአዳር ይከራያል። መኪና አይደርስም፤ ከአስፋልቱ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል በእግር ነው፣ ሲመለሱ ደግሞ ያው ዳገት ሻንጣ ተሸክሞ።