ፒች ካንከር ምንድን ነው? ጥንዚዛውን ብቻ ለምትከሱ

«በሽታው የጥንዚዛ ነው፤ ጥንዚዛውን ካጠፋችሁ ፓይኑ ይድናል።» ይህን አባባል ሰሞኑን እንደገና አነበብኩት። አስተያየት ሰጪው ምሳሌ ያደረገው ወባን ነው። ትንኝ ከሌለች ወባ የለም፤ ይሄም እንደዚያው ነው ይላል። እንደዚያ ግን አይደለም።

ፒች ካንከር የፓይን ዛፍ የፈንገስ በሽታ ነው። አምጪው ፉሳሪየም ሰርሲናተም ይባላል። የሚገባው በቁስል በኩል ነው። ቅርንጫፉን ዙሪያውን ሲገድለው ውሃ ወደ ጫፍ መድረስ ያቆማል። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ይቀላል፣ ይረግፋል። ከቁስሉ ሙጫ ይወርዳል። ቅርፊቱን በቢላ ላጥ ብታደርጉት፣ እንጨቱ ሙጫ ጠጥቶ የማር ቀለም ይዞ ታገኙታላችሁ።

አሁን ወደ ወባው። የወባ ተውሳክ ከዕድሜው ከፊሉን የሚያሳልፈው በትንኟ ሰውነት ውስጥ ነው። ያለ እሷ ዑደቱ አይሞላም። ይሄ ፈንገስ ግን ለመኖር ጥንዚዛ አያስፈልገውም። ስፖሩ፣ ማለትም የሚራባበት ደቃቅ ብናኝ፣ የጥንዚዛው ገላ ላይ ተጣብቆ ይሄዳል፤ ጥንዚዛ ካጣ በነፋስ፣ በዝናብ ፍንጣቂ፣ ባልጸዳ መጋዝ ይሄዳል። ጤነኛ በሚመስል ዘር ውስጥም ተደብቆ ድንበር ይሻገራል። እስቲ ወባ በነፋስ የምትበር፣ በዘር ከረጢት የምትጓዝ ብትሆን ኖሮ አጎበር ብቻውን ምን ይፈይድ ነበር?

ደቡብ አፍሪካን እዩ። እዚያ በሽታው መጀመሪያ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1990 በችግኝ ጣቢያ ነው። የታመሙት ፓቱላ የሚባለው የፓይን ዓይነት ችግኞች ነበሩ፤ በሽታውም ከሥራቸው ነበር የያዛቸው። ቅርንጫፍ በሚበሳ ጥንዚዛ ላይ መድኃኒት ብትረጩ እነዚያን ችግኞች አታድኑም።

ጥንዚዛ ንጹሕ ነው አላልኩም። እ.ኤ.አ. በ1986 በሽታው በታየባት ካሊፎርኒያ፣ ቅርንጫፍና ፍሬ የሚበሱ ጥንዚዛዎች በሞንተሬይ ፓይን ላይ ትልቅ ድርሻ አላቸው። ስፖሩንም ያመጣሉ፣ ቁስሉንም ይከፍታሉ። ግን ሁሉንም ጥንዚዛ በአንድ ዓይን አትዩ። ግንድ የሚበሱት አይፕስ የሚባሉት ብዙውን ጊዜ የሚመጡት ዛፉ በበሽታው ከተዳከመ በኋላ ነው። ግንዱ ላይ ቀዳዳ ያየ ሰው ገዳዩን እጅ ከፍንጅ የያዘ ይመስለዋል። ዛፉ ግን ቀድሞ ታሟል።

ሌላም ልጨምር፣ ማንም ባይጠይቀኝም። ሙጫ የወረደው ፓይን ሁሉ ፒች ካንከር የለበትም። ሌሎች ፈንገሶችም፣ ነፍሳትም፣ ተራ ቁስልም ሙጫ ያስወርዳሉ። ቁርጡ የሚታወቀው ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ተወስዶ ላቦራቶሪ ሲመረመር ነው። በዓይን አይቶ የሚፈርድ ባለሙያ ካጋጠማችሁ ናሙናው የት አለ በሉት።

ደን ውስጥ የቆመን የታመመ ዛፍ ረጭተው የሚያድኑበት መድኃኒት የለም። የደረቀውን ቅርንጫፍ መቁረጥም ፈንገሱን ከዛፉ አያጠፋውም፤ መሣሪያውን ሳያጸዱ ወደ ቀጣዩ ዛፍ መሄድ ደግሞ ይባስ ነው። ገንዘብ ያላችሁ ዘሩንና ችግኙን አስመርምሩበት። የታመመ እንጨትም በሽታው ወዳልደረሰበት ቦታ አታጓጉዙ። ጫፉ የደረቀውን ሁሉ ከሥሩ ለመጣልም አትቸኩሉ፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ታመው ያገገሙ ሞንተሬይ ፓይኖች አሉ።