የሞኒተር ማዳመጫ ምንድን ነው?

ቤት ውስጥ የቀረጽነው ዘፈን ሊያልቅ ሲል ጊታሩ ዝም ይልና የድምፃዊቷ የመጨረሻ ቃል ብቻ እየሳሳ ይሄዳል። እዚያ ላይ፣ ከቃሉ ሥር፣ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ነገር ይሰማል። መጀመሪያ የግድግዳ ሰዓት መስሎኝ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ግን የግድግዳ ሰዓት አልነበረም። ለካስ የሜትሮኖሙ (የምት መቁጠሪያው) ድምፅ ከማዳመጫዋ እያመለጠ ማይክሮፎኑ ውስጥ ሲገባ ቆይቷል። ስንቀርጽ ማንም ልብ ያላለው ነገር ነው። ኮምፕሬሰር ግን ጮክ ያለውን ዝቅ አድርጎ የቀረውን ሁሉ ከፍ እንድናደርግ ስለሚያስችል፣ ዘፈኑን ሳስተካክል የተደበቀውን ጎትቶ አወጣው። ከድምፃዊቷ ትንፋሽ ነጥዬ ላጠፋው ብሞክር አልሆነልኝም፤ መጨረሻውን እንደገና ቀረጽነው።

የዚያን ቀን ማዳመጫ ርካሽ አልነበረም። ሙዚቃ ለመስማት ከያዝኳቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። የተሠራው ግን ለሌላ ሥራ ነው።

«ሞኒተር» የሚለው ቃል በቀረጻ ሙያ መከታተልን፣ መቆጣጠርን ያመለክታል። የሞኒተር ማዳመጫ እንግዲህ ሙዚቃን የምናጣጥምበት ሳይሆን የተቀረጸው ድምፅ ምን እንደሚመስል የሚመረመርበት ነው። ለተራ አድማጭ የሚሠሩ ብዙ ማዳመጫዎች ባሱን ያወፍራሉ፤ ለጆሮም ደስ ይላሉ። በእነሱ የሚሠራ ሰው ባሱ በዛ ብሎ ይቀንሳል፤ ዘፈኑ ሌላ ቦታ ሲከፈት ደግሞ አጥንቱ የወጣ ይሆናል። «ወዳጅ ያስለቅሳል፣ ጠላት ያስቃል» የተባለው ለማዳመጫም ሳይሆን አይቀርም። እርግጥ ነው፣ ምንም የማይጨምርና የማይቀንስ ማዳመጫ የለም። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስቱዲዮዎች የሚታየው የሶኒ ኤምዲአር-7506 እንኳ ቀጫጭኑን ድምፅ ጎላ አድርጎ ያሰማል። ለረጅም ሰዓት ሲሰሙት ያደክማል፤ ኮሽታን ለመያዝ ግን ማን ይስተካከለዋል?

ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው ጥያቄ የማዳመጫው ጀርባ ዝግ ነው ወይስ ክፍት የሚለው ነው። ጀርባው ዝግ የሆነው ድምፁን ወደ ጆሮ ብቻ ስለሚልክ፣ ማይክሮፎን ፊት ለሚቆም ሰው የሚሆነው እሱ ነው። ክፍቱ፣ ለምሳሌ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው የሴንሃይዘር ኤችዲ 600፣ አየር እንደ ልብ የሚያልፍበት ወንፊት የመሰለ ጀርባ አለው። ድምፁ ሰፊና ያልታፈነ ነው፤ ለሚክሲንግም (የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ለማዋሃድ) ብዙዎች እሱን ይመርጣሉ። ነገር ግን አጠገብ የተቀመጠ ሰው የምትሰሙትን ሁሉ አብሯችሁ ይሰማል፤ ማይክሮፎኑም እንደዚያው። «ከፊል ክፍት» የሚባሉትም ያሾልካሉ። አቅማችሁ አንድ ብቻ የሚፈቅድ ከሆነ ዝጉን ግዙ። ሚክሲንግ በዝጉ እየተቸገሩም ቢሆን ይሠራል፤ በክፍቱ ግን ጸጥ ያለ ዘፈን መቅረጽ ራስን ማድከም ነው።

ዝጉም ቢሆን የሚዘጋው ከጆሮ ዙሪያ በደንብ ሲገጥም ነው። የመነጽር ዘንግና ወፍራም ጸጉር ክፍተት ይፈጥራሉ፤ በዚያ በኩል ድምፅ ይወጣል፣ ባስም ይጠፋል። ባስ ያለበት ዘፈን ክፈቱና ሁለቱን ጎን በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ፤ ባሱ ድንገት ከጨመረ ማዳመጫው አልገጠመም ማለት ነው። የራሳቸውን ድምፅ ለመስማት አንዱን ጆሮ ገልጠው የሚዘፍኑም አሉ። ልማዱ ክፋት የለውም፤ ብቻ የተገለጠው ጎን ክፍሉ ውስጥ እንዳይዘፍን ድምፁን በዚያ በኩል አጥፉት።

ስለ ኦም፣ ማለትም ማዳመጫው ለኤሌክትሪክ ስለሚያሳየው ተቃውሞ፣ ብዙ ይወራል። የባየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ይሸጣል፤ ባለ 250ውን ስልክ ላይ ብትሰኩት ድምፁ አንሶ ታገኙታላችሁ። ከስልክና ከላፕቶፕ ጋር ለሚሠራ 32ቱ፣ ጥሩ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክሮፎንና ማዳመጫን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) ላለው 80ው ይበቃል። ካርቶኑ ላይ «ከ5 እስከ 35,000 ሄርዝ» የሚል ብታዩ አትደነቁ፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ድረስ ነው፣ እሱም በወጣትነት።

ብሉቱዝን ለቀረጻ እርሱት። ድምፁን አዘግይቶ ነው የሚያደርሰው፤ መዘግየቱ 100 ሚሊሰከንድ እንኳ ቢሆን ድምፅ በአየር ላይ 34 ሜትር ያህል የሚጓዝበት ጊዜ ነው። ጊታሪስቱ 34 ሜትር ርቆ እየተጫወተ አብራችሁ ለመዝፈን እንደ መሞከር ይቆጠራል።

በማዳመጫ ብቻ ሚክሲንግ መሥራት አንድ ወጥመድ አለው። ከስፒከር የሚወጣውን ድምፅ ሁለቱም ጆሮዎች ይጋሩታል፤ በማዳመጫ ግን የግራው ለግራ፣ የቀኙ ለቀኝ ብቻ ነው። በማዳመጫ ሰፊ የመሰለው ዘፈን በስፒከር ይጠባል። በሌላ በኩል ጠባብ መኝታ ቤት ባሱን አንዱ ጥግ ላይ ያገንነዋል፣ መሃል ላይ ያጠፋዋል፤ ማዳመጫ ክፍሉን ከነጥፋቱ ያስወግደዋል። እኔ ባሱን በማዳመጫ፣ ግራ ቀኙን በስፒከር እፈትሻለሁ።

አዲስ ማዳመጫ ስገዛ አሁን የማደርገው ፈተና ቀላል ነው። አድርጌው ማይክሮፎኑ ፊት እቆማለሁ፣ ሜትሮኖሙን ስዘፍን በሚያስፈልገኝ መጠን እከፍታለሁ፣ ከዚያም ምንም ሳልል ግማሽ ደቂቃ ዝምታ እቀርጻለሁ። የተቀረጸውን ዝምታ ኮምፕሬሰር ውስጥ አሳልፌ ድምፁን ከፍ አድርጌ አዳምጣለሁ። «ቀጭ» ካለ ሜትሮኖሙን ዝቅ አድርጌ እደግመዋለሁ። አሁንም ካለ፣ ማዳመጫውን ወደ ሱቁ እመልሰዋለሁ።