ስለ ክላውድ የሚወራውና እውነታው፦ ሰርቨሩን ከመሸጣችሁ በፊት

ሰሞኑን ድርጅት ያለው ሰው ሁሉ «ወደ ክላውድ ልንገባ ነው» ይላል (ክላውድ ማለት ሰርቨር፣ ማለትም ሲስተምና ዳታ የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር፣ ከመግዛት ይልቅ እንደ አማዞን ካለ ድርጅት በኢንተርኔት መከራየት ነው)፣ ሻጮቹም የማይፈታው ችግር የሌለ አስመስለው ነው የሚያወሩት። ክላውድ ጥሩ ነገር ነው፣ የዕለት ስራዬም እሱ ላይ ነው፣ ግን ሰው በወሬ ብቻ ገንዘቡንና ዳታውን ሲያጣ ማየት በጣም ያንገበግበኛል። በብዛት የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳ።

«ክላውድ ርካሽ ነው»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ሰርቨር ሳይገዙ ስራ መጀመር መቻሉ እውነት ነው፣ ስራችሁ አንዳንዴ የሚጨናነቅ አንዳንዴ ጭር የሚል ከሆነም፣ ለምሳሌ የምዝገባ ሰሞን ብቻ የሚጣበብ የኮሌጅ ሲስተም፣ በደንብ ያዋጣል። ግን ዓመቱን ሙሉ ቀን ከሌሊት በተመሳሳይ ጭነት ለሚሰራ ሲስተም ኪራዩ ተጠራቅሞ ከግዢው ሊበልጥ ይችላል። የሰው ፋይል በኢንተርኔት የሚያስቀምጠው ድሮፕቦክስ አብዛኛውን ዳታ ከአማዞን አውጥቶ ወደራሱ ዳታ ሴንተር (የሰርቨሮች ህንፃ) በማዞሩ በሁለት ዓመት ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መቀነሱን በ2018 እ.ኤ.አ. ለአክሲዮን ሽያጭ ባቀረበው ሰነድ ላይ ጽፏል። የኛ ድርጅቶች የድሮፕቦክስን ያህል አይደሉም፣ ሂሳቡን ቁጭ ብሎ መስራት ግን ለማንም አይቀርም።

ቢሉን ራሱ ከፍታችሁ እዩት። ማሽኑን አጥፍተነዋል ትላላችሁ፣ ዲስኩ ግን እየቆጠረ ነው፣ አምና የተነሳ ስናፕሾት (የዲስኩ ግልባጭ) ማንም ስላላጠፋው እሱም ይቆጥራል፣ አማዞን ላይ ደግሞ ከፌብሩዋሪ 2024 ወዲህ ከኢንተርኔት የሚታይ አንድ የአይፒቪ4 አድራሻ (የማሽኑ የኢንተርኔት ቁጥር) እንኳ በሰዓት 0.005 ዶላር ያስከፍላል። ዳታ ማስገባት ነፃ ነው፣ ማውጣት ግን የአሜሪካና የአውሮፓ ሪጅኖች (የዳታ ሴንተር አካባቢዎች) ላይ ከነፃው 100 ጊጋ በኋላ በአንድ ጊጋ 0.09 ዶላር አካባቢ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ቪዲዮ ወይም ፎቶ ለደንበኛ የምታሳዩ ከሆነ ዋናው ወጪያችሁ ይሄ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ የዶላሩ ጣጣ አለ። ሐምሌ 2016 የምንዛሬ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፣ አንድም ማሽን ያልጨመረ ድርጅት በብር ሲታሰብ ወጪው ከግማሽ በላይ ጨመረበት ማለት ነው። ካርዱ ላይ ዶላር ካለቀም ሲስተሙ ሊዘጋ ይችላል፣ ይሄን ባለቤቶቹ ቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

«ክላውድ ላይ ስላለ ባካፕ አያስፈልገውም»

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው! ባካፕ ማለት ዋናው ቢጠፋ ተብሎ ለብቻ የሚቀመጥ መጠባበቂያ ግልባጭ ነው። ማርች 10 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው ኦቪኤች የሚባል የክላውድ አቅራቢ ዳታ ሴንተር አንዱ ህንፃ ሙሉ በሙሉ ተቃጠለ፣ ሌላ ቦታ ባካፕ ያልነበራቸው ደንበኞች ዳታቸውን በዛው አጡ። በሜይ 2024 ደግሞ ዩኒሱፐር የሚባለው ከ600 ሺህ በላይ አባላት ያሉት የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ ጉግል ክላውድ ላይ የነበረው ሲስተሙ በጉግል በኩል በተፈጠረ የማዋቀር ስህተት ተሰረዘ፣ በሁለት ቦታ የተቀመጠው ግልባጭ ጭምር። አገልግሎቱ ከሳምንት በላይ ተቋረጠ፣ እንዲመለስ ከረዱት ነገሮች አንዱ ሌላ አቅራቢ ጋ አስቀምጠውት የነበረው ባካፕ ነው።

እኛ ጋ በብዛት የማየው የጉግል ድራይቭ ፎልደርን እንደ ባካፕ መቁጠር ነው። ሲንክ (ፋይሉን ሁሉም ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ማድረግ) ባካፕ አይደለም፦ የሂሳብ ሰራተኛዋ በስህተት ፋይሉን ከላፕቶፗ ስትሰርዘው ከሁሉም ቦታ ይጠፋል፣ ትራሽ ውስጥ የሚቆየውም 30 ቀን ነው፣ በዓመቱ መጨረሻ ኦዲተር ሲመጣ ብትፈልጉት የለም። ባካፑን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ባካፕ አለን ብሎ መተኛት ሳይሆን አልፎ አልፎ መልሳችሁ ጭናችሁ መስራቱን እዩ።

«ክላውድ አይቋረጥም»

ይቋረጣል። ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አንድ የአማዞን ሰራተኛ ትእዛዝ ሲያስገባ በሰራው ስህተት ስንትና ስንት ትልልቅ ድረ ገፆች ለሰዓታት ተስተጓጉለዋል። ውል ላይ የምታዩት «99.9 ፐርሰንት ይሰራል» የሚለው ሲሰላ በዓመት ወደ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ መቋረጥን ይፈቅዳል፣ ከዛ ካለፈም የሚሰጣችሁ ብዙውን ጊዜ ከቀጣይ ቢል የሚቀነስ ክሬዲት እንጂ የከሰራችሁትን ሽያጭ አይደለም። ደሞ እነሱ ባይቋረጡም ኢንተርኔታችን ይቋረጣል። ሰኔ 2012 መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት ለሶስት ሳምንት ያህል ሲዘጋ ፍራንክፈርት ያለው ሰርቨር ደህና ቢሆንም እዚህ ለነበረው ነጋዴ ምንም አይጠቅመውም ነበር። ስለዚህ የሱቅ መሸጫና የመጋዘን ሲስተም ኢንተርኔት በሌለበትም መስራት የሚችል፣ ሲመለስ የሚያስተካክል መሆን አለበት።

«ደህንነቱን እነሱ ይጠብቁልናል»

ህንፃውንና ማሽኑን ይጠብቃሉ፣ ማን ምን እንደሚከፍት የምትወስኑት ግን እናንተ ናችሁ። ካፒታል ዋን የሚባለው የአሜሪካ ባንክ በ2019 እ.ኤ.አ. ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መረጃ የተወሰደበት አማዞን ላይ ያለው ፋየርዎሉ (ያልተፈቀደ መግቢያን የሚከለክለው መከላከያ) በትክክል ባለመዋቀሩ ነው። ስራ የለቀቀ ሰው አካውንት እስካሁን ክፍት ከሆነ ዛሬውኑ ዝጉት።

«ዳታው የትም ይሁን፣ ምን ቸገረን»

ይቸግራል። ዳታችሁ የሆነ ሀገር ህንፃ ውስጥ ነው ያለው፣ አማዞንም ሆነ ማይክሮሶፍት ወይም ጉግል ኢትዮጵያ ውስጥ ሪጅን የላቸውም፣ አፍሪካ ውስጥ ያሉት ደቡብ አፍሪካ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፣ የደንበኛ ወይም የታካሚ መረጃ ከያዛችሁ መረጃን ከሀገር ስለማውጣት የሚለውን ክፍል ጠበቃችሁ ሳያነበው ውል አትፈርሙ። ሀገር ውስጥ የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ አለ፣ አዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክም የግል ዳታ ሴንተሮች አሉ፣ ዋጋ ጠይቃችሁ አወዳድሩ።

«ከገባን ሁሉንም ነው»

ማን አለ? ኢሜይሉን፣ ድረ ገፁንና የባካፑን አንድ ግልባጭ አስቀድማችሁ አስገቡ፣ ለነዚህ ብዙም ክርክር የለኝም። የሂሳቡን ሲስተም ግን የጥቂት ወራት ቢል አይታችሁ ወስኑ፣ ከመፈረማችሁ በፊትም ሻጩን «መውጣት ብንፈልግ ዳታችንን በምን ፎርማት፣ በስንት ቀን፣ በስንት ብር ትሰጡናላችሁ» ብላችሁ በፅሁፍ አስመልሱት።