የአስርዮሽ ቁጥሮች መደመርና መቀነስ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት

አስርዮሽ ቁጥሮችን፣ ማለትም እንደ 3.4 ያሉ ነጥብ ያላቸውን፣ መደመርና መቀነስ በብዙ ሥርዓተ ትምህርቶች 4ኛና 5ኛ ክፍል አካባቢ ይሰጣል። ተማሪው እዚህ ሲደርስ መደመሩንም መቀነሱንም ያውቀዋል። አዲሷ ነገር ነጥቧ ናት። ስለዚህ ደብተር ላይ የሚገኘው ስህተት አብዛኛውን ጊዜ የስሌት ሳይሆን የቦታ ስህተት ነው።

አማርኛ ለዚህ ትምህርት የተመቸ ቃል አለው፤ «ቤት» የሚለው። እያንዳንዱ አኃዝ ቤት አለው። ከነጥቧ በስተግራ የአንድ፣ የአስርና የመቶ ቤት አለ። በስተቀኝ የአንድ አስረኛ፣ የአንድ መቶኛና የአንድ ሺህኛ ቤት ይከተላል። ወደ ቀኝ አንድ ቤት በተሻገርን ቁጥር ዋጋው ለ10 ይካፈላል። የሚደመረውም የሚቀነሰውም የእያንዳንዱ ቤት አኃዝ ከዚያው ቤት አኃዝ ጋር ነው።

ነጥቧ ከየት መጣች?

የሒሳብ ሊቁ አል ኡቅሊዲሲ በ952 እ.ኤ.አ. ደማስቆ ውስጥ ስለ አስርዮሽ ክፍልፋዮች ጽፏል። ሌላው የሒሳብ ሊቅ አል ካሺ ደግሞ በ1427 ሳማርካንድ ከተማ ላይ በሰፊው ተጠቅሞባቸዋል።

አውሮፓ ውስጥ ነገሩን ለተራው ሠራተኛ ያወረደው ፍላማንዳዊው መሐንዲስ ሲሞን ስቴቪን ነው። በ1585 ላይደን ከተማ ላይ ስለዚሁ ጉዳይ ብቻ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። የጻፈው ለሊቃውንት ብቻ አልነበረም። መሬት ቀያሾችን፣ ጨርቅ የሚለኩ ሰዎችንና ነጋዴዎችን በስም ጠርቶ ነው። ክፍልፋይ የሚያስጨንቀው ሰው ሁሉ እንደ ሙሉ ቁጥር እየደመረና እየቀነሰ መኖር ይችላል አለ። ነጥብ ግን አልተጠቀመም። ከየአኃዙ ጎን በክብ የተከበበ ቁጥር አደረገ። 0 ለሙሉው፣ 1 ለአስረኛው፣ 2 ለመቶኛው። አኃዙ አድራሻውን ተሸክሞ ይሄዳል ማለት ነው። ዛሬ ለጀማሪ ልጅ የቤቱን ስም ከአምዱ አናት ላይ የሚጽፍ መምህር የሚሠራው ይህንኑ ነው። የስቴቪን የመደመር ምሳሌ በዛሬ አጻጻፍ 27.847፣ 37.675 እና 875.782 ሲሆን ድምሩ 941.304 ነው። ሦስቱም ከነጥቧ በኋላ ሦስት ሦስት አኃዝ አላቸው። ልጆችን የሚያሰናክለውን ጉዳይ፣ ማለትም የአኃዞቹን ብዛት አለመመጣጠን፣ ብልጡ ሰውዬ በዘዴ አልፎታል።

ነጥቧን ያስፋፋው ስኮትላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ናፒየር መሆኑ አያከራክርም። መጀመሪያ ማን ተጠቀመባት የሚለው ግን ገና ያልተዘጋ ይመስላል። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ጣሊያናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆቫኒ ቢያንኪኒ በ1440ዎቹ እንደተጠቀመባት አሳይቷል። በብዙ አገሮች ግን በነጥብ ፈንታ ነጠላ ሰረዝ (,) ይጻፋል።

ደብተር ላይ

3.4 + 2.75 እንውሰድ። ሙሉ ቁጥር ሲደምር የኖረ ልጅ በቀኝ ጫፍ ያሰልፋል። 4 ከ5 በላይ ይቀመጣል፣ 34 እና 275 ተደምረው 309 ይሆናሉ፣ ነጥቧ ትገባና 3.09 ይወጣል። ስሌቱ አንድም ስህተት የለበትም። ግን 3 እና 2 ብቻ 5 ይሆናሉ፤ መልሱ እንዴት ከዚያ ያንሳል? ይህን ጥያቄ ከስሌቱ በፊት የለመደ ልጅ ራሱ ይነቃል። ነጥብ ከነጥብ በታች ሲሰለፍ መልሱ 6.15 ነው።

ሁለተኛው ስህተት 0.8 + 0.5 = 0.13 ነው። 8 እና 5 አስራ ሦስት ነው፤ አስሩ አስረኛ ግን አንድ ሙሉ ሆኖ ነጥቧን መሻገር አለበት። መልሱ 1.3 ነው።

መቀነስ ይብሳል። 5.2 − 1.37 ላይ ከ7 በላይ ያለው ቤት ባዶ ነው። ልጁ «የሚቀነስበት የለም» ብሎ 7ን ቁልቁል ያወርዳትና 3.97 ይጽፋል። 5.20 ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ከ2 ይበደርና 3.83 ያገኝ ነበር። ባዶውን ቤት በዜሮ መሙላት ይጠቅማል ወይስ ልጆችን ያለ ምክንያት ዜሮ መለጠፍ ያለማምዳል? በዚህ ላይ መምህራን አይስማሙም። ሁለት አስረኛ ሃያ መቶኛ መሆኑ በስዕል ከታየ በኋላ ከሆነ ጉዳቱ አይታየንም።

ንባቡም ያሳስታል። «ሦስት ነጥብ አስራ አምስት» የሰማ ልጅ ከ«ሦስት ነጥብ አራት» ይበልጣል ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። «ሦስት ነጥብ አንድ አምስት» ማለት ይሻላል።

መሣሪያ ከተባለ ባለ ካሬ ደብተርን የሚያህል የለም። በአንድ ካሬ አንድ አኃዝ፤ ነጥቧ የራሷ መስመር ይኖራታል። 100 ትንንሽ ካሬ ያለው አራት ማዕዘንም ጥሩ ነው። አንድ ረድፍ አስረኛ፣ አንዷ ካሬ መቶኛ። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ብሎኮች ግን አንድ ወጥመድ አላቸው። ልጁ ትንሿን ኩብ ለዓመታት «አንድ» ሲላት ኖሯል። አሁን መቶ ትንንሽ ኩብ የሚያህለው ትልቁ ጠፍጣፋ «አንድ» ሆኖ ትንሿ መቶኛ ስትባል ግር ይለዋል። ስሟ መቀየሩን መምህሩ አስቀድሞ ካልተናገረ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ከደብተሩ ጋር ይጣላል።