ሴክሽን 8 ምንድን ነው? ነፃ ቤትስ ነው እንዴ?

«እሷ ምን አለባት፣ ሴክሽን 8 ቤት ደርሷታል፣ ኪራይ አትከፍልም።» ይቺን አባባል ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ጽፏት እንደገና አየኋት። አሜሪካ ውስጥ ቤተሰቦች የኪራይ ድጋፍ ፎርም ሲሞሉ ማገዝ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ በዚች አባባል የተነሳ የተጎዱ ሰዎች ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሲጀመር «ሴክሽን 8 ቤት» ብሎ ነገር የለም። ሴክሽን 8 የሕግ ክፍል ቁጥር ነው፤ በእሱ ስም የሚጠራው፣ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች የሚሰጠው የፌዴራል የኪራይ ድጋፍ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1974 መጣ። ሰው እጅ ላይ የሚገባው ቫውቸር ነው፣ ከኪራዩ ከፊሉ እንደሚከፈልለት የሚያሳይ ወረቀት ማለት ነው፤ ቤቱን ከግል አከራይ የሚፈልገው ራሱ ተከራዩ ነው። (ድጋፉ ከሕንጻ ጋር የታሰረበት ዓይነትም አለ፤ እኔ የማወራው ከሰው ጋር ስለሚሄደው ነው።)

ኪራይን እንደ ሸክም አስቡት። ቤተሰቡ የአቅሙን ይሸከማል፤ አቅሙ ማለት በሕግ የተፈቀዱት ተቀናሾች ከተነሱ በኋላ ከሚቀረው ገቢ 30 በመቶ ገደማ ነው። ቀሪውን ሃውሲንጉ፣ ማለትም ድጋፉን የሚያስተዳድረው የአካባቢው የቤቶች መሥሪያ ቤት፣ ያነሳል፤ ገንዘቡም በተከራዩ እጅ ሳያልፍ በቀጥታ ለአከራዩ ይሄዳል። አጋዡ ግን የመጣለትን ሁሉ አይሸከምም። በአካባቢውና በመኝታ ክፍል ብዛት የተቆረጠ ጣሪያ አለው፣ ከዚያ ያለፈው ተመልሶ ተከራዩ ትከሻ ላይ ያርፋል።

ከተቀናሽ በኋላ በወር 2,000 ዶላር የሚቀራት እናት እንበል። ድርሻዋ 600 ነው። ጣሪያው 1,800 ሆኖ ቤቱ ከነመብራቱና ከነውሃው 1,900 ቢሆን፣ 100 ጨምራ 700 ትከፍላለች፤ ሃውሲንጉ 1,200። ቤቱ 2,100 ከሆነስ? 900 ሊደርስባት ነው፤ አዲስ ስትገባ ደግሞ ከጣሪያው በላይ ለሆነ ቤት ከገቢዋ ከ40 በመቶ በላይ፣ ማለትም ከ800 በላይ እንድትከፍል አይፈቀድም። እዚህ ላይ «ልዩነቱን በጎን እሰጠዋለሁ» የሚል አይጠፋም። እባካችሁ እንዳታደርጉት። ከውሉ ውጪ ለአከራይ በድብቅ መክፈል ክልክል ነው፣ ቫውቸሩን ያሳጣል።

ወደ ሸክሙ ልመለስ። አጋዡ ከማንሳቱ በፊት ከረጢቱ እንዳልተቀደደ ያያል፤ ቤቱ ፍተሻ ማለፍ አለበት ማለት ነው። የከረጢቱ ባለቤት፣ አከራዩ፣ «አትንኩብኝ» ሊልም ይችላል። የፌዴራሉ ሕግ በጥቅሉ አከራይን ቫውቸር ተቀበል ብሎ አያስገድድም፤ ዋሺንግተን ዲሲ፣ ሜሪላንድና ዋሺንግተን ስቴት ግን ተከራይን በቫውቸሩ ምክንያት መከልከልን በሕግ አግደዋል። ቫውቸሩ ቀን አለው፦ ቤት መፈለጊያው ቢያንስ 60 ቀን ነው፣ ማራዘሚያ ሊሰጥም ላይሰጥም ይችላል። ስንት ዓመት ወረፋ ጠብቀው፣ ቫውቸሩ በእጃቸው ገብቶ፣ ቤት ሳያገኙ ቀኑ ያለፈባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ወረፋው እንዲህ የሚረዝመውም የፌዴራል የኪራይ ድጋፍ የሚያገኙት ለድጋፉ ብቁ ከሆኑት አራት ቤተሰቦች አንዱ ያህል ብቻ ስለሆኑ ነው።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር። ያው አስተያየት ሰጪ ቀጥሎ «ሥራ ከጨመረች ግን ይነጥቋታል» ብሏል። ወንድሜ፣ ይሄን የሚያነቡ እናቶች አሉ። አንዷን አውቃታለሁ፤ ተጨማሪ ሰዓት ሥሪ ስትባል እምቢ አለች፣ ቤቴን አጣለሁ ብላ። እስቲ አብረን እናስላው። ያቺ በምሳሌ ያነሳኋት እናት ገቢዋ ከ2,000 ወደ 2,600 ቢያድግ ድርሻዋ ከ600 ወደ 780 ይሆናል። ካደገው 600 ዶላር ውስጥ 180ው ለኪራይ ሄደ፣ 420ው ኪሷ ቀረ። ትከሻዋ ሲጠነክር ትንሽ ተጨመረባት እንጂ አጋዡ ጥሏት አልሄደም። እርግጥ ታክስ አለ፣ ሌሎች ድጋፎችም የራሳቸው የገቢ ገደብ አላቸው፣ እነሱን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። ኪራዩ ላይ ግን የሃውሲንጉ ድርሻ ዜሮ ከሆነ በኋላ እንኳን 180 ቀን ይጠበቃል፤ በዚያ መሃል ገቢዋ ቢወርድ ድጋፉ ተመልሶ ሊጀምርላት ይችላል።

ጣጣ የሚመጣው ገቢ ሲደበቅ ነው። መቼ ማሳወቅ እንዳለባችሁ ደንቡ ከሃውሲንግ ሃውሲንግ ስለሚለያይ የራሳችሁን ጠይቁ። ለውጡን በጽሑፍ ስጡ፣ የተቀበሉበት ቀን ያለበት ኮፒም አስቀሩ።